ወደ ተራራ፣ በመናኸሪያ በኩል

«መኪና ቢኖረኝ በየሳምንቱ ተራራ እወጣ ነበር።» አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያላለ ወጣት ደመወዝተኛ ማግኘት ይከብዳል። ሲሰሙት ምኞት ይመስላል፤ ውስጡ ግን የቆየ እምነት አለ፤ ተራራ የባለመኪና ርስት ነው የሚል። ይህ እምነት ብዙ ሰው ቅዳሜውን አልጋ ላይ እንዲያሳልፍ ምክንያት ሰጥቶታል። የጉዞ አዘጋጆችም ገና ከማስታወቂያቸው «መኪና ያላችሁ አሳውቁን» ብለው ሰዉን ለሁለት ይከፍሉታል። መኪና የሌለው ሰው ተራራ መድረስ እንደሚችል ማስረዳት ቀላል ነው፤ የእኔ ክርክር ግን ከዚያ ያልፋል። በአብዛኞቹ ተራሮቻችን ላይ የተሻለውን ጉዞ የሚያገኘው በሕዝብ መኪና የመጣው ነው እላለሁ።

አስቀድመን የምንኖርባትን ከተማ እንያት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር። ወጨጫ 3,385 ሜትር ይደርሳል፤ እንጦጦና የረርም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም በሌላ ታክሲ፤ በቃ፣ ተራራ ላይ ነን። ጎሕ ሲቀድ እዚያ የሚሮጡትን ልጆች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ነገ በቴሌቪዥን ስማቸው ሲጠራ የምንዘልላቸው እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ግን ገና ስም ያላወጡት አብዛኞቹ የሚመጡት በታክሲና በክለብ ሰርቪስ ነው። በመኪና የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፎቶ ሊነሳ የመጣው ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ይህን እምነት አይደግፈውም። በ2012 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ የተመዘገበው ተሽከርካሪ የጭነቱም የሕዝብ ማመላለሻውም ተደምሮ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ያገለገለ መኪና እንኳ ዋጋው በሚሊዮን ብር ይጠራል። «መኪና ስገዛ እጀምራለሁ» የሚል ወጣት፣ ሳይታወቀው «ጉልበቴ ሲከዳኝ እጀምራለሁ» እያለ ነው።

ደግሞስ እዚህ አገር ተራራ የሚወጣው ማነው? በየዓመቱ፣ በብዛት፣ በቡድን፣ ስንቁን ይዞ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚወጣው? ምዕመኑ ነው። ዝቋላን እንውሰድ። ከቢሾፍቱ ሜዳ ላይ ብቻውን ተነጥሎ የቆመ፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም ያለበት፣ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ሲሆን ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ሕዝብ በቅጥቅጥ፣ በሚኒባስ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆኖ እግረ ተራራው ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ ነው። ወንበር ማርያም አጠገብ ቆሞ ሽቅብ የሚያዘግመውን ሰልፍ ያየ ሰው ባለመኪናነትና ተራራ ምን እንደሚያገናኛቸው ግራ ይገባዋል። የሰባ ዓመት እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለጸበል ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ ይዘው፣ በኮንጎ ጫማ 1,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣሉ። መሀል ላይ አረፍ ይላሉ፤ የደከመውን ልጅ «አይዞህ፣ ደረስን» ይሉታል። አልደረሱም፤ ግን ልጁ ይነሳል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲሆንም ያው ነው። የአገሪቱ ትልቁ የተራራ ጉዞ ባህል ከመቶ ዓመታት በላይ ያለ ሞተር ኖሯል፤ አሁንም የሚኖረው በመናኸሪያ ነው። የቢሯችን ልጅ ግን ጂም ከፍሎ ይሠራል፣ ሁለት ሺህ ብር ጫማ ላይ አውጥቷል፣ ዝቋላ ለመሄድ መኪና ያለው ጓደኛ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪና ያለው ሰው የተራራ ጉዞው ክብ ነው። የትም ቢሄድ መኪናውን ወዳቆመበት መመለስ አለበት፤ በችካል እንደታሰረ ፈረስ ገመዱ የሚፈቅድለትን ያህል ብቻ ይግጣል። ጫፍ ላይ ቆሞ ከወዲያ ማዶ ያለውን ሸለቆ ያያል፣ ያምረዋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይመለሳል። በዚያ ላይ ሐሳቡ ግማሹ ታች ነው። «የጠበቀው ልጅ አለ ወይስ ሄደ? ስፖኪዮው በቦታው ይኖር ይሆን?» መኪና የሌለው ግን በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ተራራን መሻገር የሚባለውን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው።

ወንጪ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚሄዱ ሁለት መንገዶች መካከል የሚገኝ ነው። በሰሜን አምቦ፣ በደቡብ ወሊሶ፣ መሀል ላይ ደግሞ ጠርዙ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚወጣው የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ፣ በውስጡ ሐይቁ፣ ሐይቁ ውስጥ ደሴቱና የቂርቆስ ገዳም። ባለመኪናው የሚያየው ወንጪ የታወቀ ነው። ጠርዙ ላይ ደርሶ ያቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምናልባት ፈረስ ተከራይቶ ሐይቁ ዳር ወርዶ ይመለሳል፣ ምሳውን ይበላል፣ በመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ። በሕዝብ መኪና የመጣው ግን በአምቦ በኩል ገብቶ፣ ጠርዙን ይዞ በእንሰቱና በገብሱ ማሳ መካከል ተጉዞ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣ በወሊሶ በኩል መውጣት ይችላል። ሁለት ከተማ፣ ሁለት መንገድ፣ አንድ ተራራ። ቦታው በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ከገቡት አንዱ ሆኗል። ያን ስም ያስገኘለት የገበሬው አካባቢና አኗኗር ነው፤ እሱን ደግሞ በመስኮት አይተው አይጠግቡትም።

ከሁሉ የከበረው ምሳሌ ሰሜን ተራሮች ነው። ሰላም በነበረበት ጊዜ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ፈጽሞ ስካውትና ባለበቅሎ ይዞ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ መግባት፤ ከቧሂት ማዶ ወርዶ እንደገና ራስ ዳሸንን፣ 4,533 ሜትር መውጣት። የታወቀው ረጅሙ መንገድ ከዚያ ወደ ደባርቅ አይመለስም፤ ቁልቁል እየወረደ አዲአርቃይ ላይ ይወጣል። አዲአርቃይ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ እዚያ ቆሞ ወደ ደባርቅ የሚመለስ አውቶቡስ መያዝና ሊማሊሞን ሽቅብ መውጣት ነው። በመኪና የመጣ ሰው ይህን ጉዞ ለመጓዝ ሾፌር ቀጥሮ መኪናውን ዙሪያውን ማስነዳት አለበት። ማለትም በአገሪቱ ትልቁ የተራራ መንገድ ላይ መኪና ትርፍ ጭነት ነው።

ባሌም እንደዚያው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው፤ ዲንሾ ደግሞ ወደ ሮቤና ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሮቤ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ዲንሾ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት ይበቃል። ከአስፋልቱ ጥቂት በእግር ሲገቡ ከዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል ቆሞ ያያችኋል። እኔ ይህን እንስሳ በደንብ ያየሁት በእግሬ ነው፤ የመኪና ሞተር ሲሰማ ወደ ጥሻው ገባ ይላል፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ግን ጆሮውን ብቻ ያዞራል። ሳኔቲስ? ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ያን አምባ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የሕዝብ መኪና ያቋርጠዋል። ከመንገዱ ዳር ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ማየት ብርቅ አይደለም። እውነት ለመናገር ሳኔቲ ላይ ያለ መሪ፣ ያለ ወፍራም ልብስ፣ መመለሻውን ሳያረጋግጡ መውረድ ቂልነት ነው፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ዲንሾ ላይ መሪ ይዞ፣ ለብርዱም ለመመለሻውም ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ግን ብዙ አይሰጋም። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን በስልካችን ተቀባበልነው፤ «መኪና የለኝም» ብለን ግን እዚያው ቀረን።

በነገራችን ላይ ይህ እምነት ውቅያኖስ ተሻግሮም አብሮን ሄዷል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ወገናችን ጥቂት አይደለም፤ እሱም ተራራ ሲነሳ መኪናውን ያስባል። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ላይ የሚያልፈው የማርክ ባቡር ግን በሥራ ቀናት አመሻሽ ላይ ሃርፐርስ ፌሪ ያደርሳል። እዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ፤ ዝነኛው የአፓላችያን የእግር መንገድም በመሀሏ ያልፋል። ባቡሩ ማታ ወስዶ ጠዋት የሚመልስ ስለሆነ ማደር ይጠይቃል። ቢሆንስ?

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያነሷቸውን ነገሮች አውቃቸዋለሁ። አንዳንዱ ክብደት አለው፣ አንዳንዱ የለውም።

«የሕዝብ መኪና ሰዓት ይገድላል» ይላሉ። እስኪሞላ ይቆማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ የደረሰ ሰው ብዙ አይጠብቅም፤ ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ 3 ሰዓት ላይ የሚመጣው ነው ረዳቱን የሚሳደበው። ባለመኪናውም ቢሆን ሰዓቱን የሚከፍልበት ቦታ አለ። ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ውሎ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ እሑድ ማታ ከሰበታ አየር ጤና ድረስ ያለውን መጨናነቅ መሪ ይዞ የሚጨርሰው እሱ ነው። ተሳፋሪው መስኮቱን ተደግፎ ይተኛል። ወሊሶ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ቢጠጣም ማንም አይጠይቀውም።

«ከዋናው መንገድ በኋላ ያለውስ?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መናገሻ ሱባን የሚያውቅ ያውቀዋል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ያ ጥንታዊ የጥድ ደን ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው፤ ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም። ባጃጅ ወይም ሞተር መደራደር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መራመድ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚያስቀኝ ነገር አለ። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሊራመድ ከቤቱ የወጣ ሰው፣ ጫካው ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ በደል ይቆጥራታል። የገበሬው ጓሮ፣ የሚያፏጨው እረኛ፣ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» የሚሉት እናት የጉዞው አካል አይደሉም ያለው ማነው? ሌላም ነገር አለ፤ የገጠር መኪና የገበያ ቀንን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ማክሰኞ ባዶ የነበረ መንገድ በገበያ ቀን ጠዋት አይሱዙና ሚኒባስ ይርመሰመስበታል። ይህን የሚያውቀው መናኸሪያ ቆሞ የጠየቀ ሰው ነው፤ ካርታ አይነግርም።

የሴቶች ነገር ሌላ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። አውቶቡሱ ላይ፣ እናቶችና ቄሶች መሀል፣ ሴት ልጅ ብዙም አትሰጋም፤ የምትሰጋው ከወረደች በኋላ ባለው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ብቻዋን ሂጂ የሚላት ካለ እኔ አይደለሁም። ሦስት ሆኖ መሄድ፣ ከአካባቢው ማኅበር መሪ መያዝ፣ ከጨለማ በፊት መመለሻ መኪና ላይ መሆን፤ እነዚህ መኪና ይዞ ለመጣም ያስፈልጉታል። ተበላሽቶ የቆመ መኪና ውስጥ ብቻዋን የቀረች ሴት ከተሳፋሪዋ የተሻለ ደኅንነት የላትም።

ትልቁ መልስ የሚያስፈልገው የጸጥታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት የተነሳ ሰሜን ተራሮችን፣ አንኮበርን፣ የመንዝ ጓሳን «ሂዱ» ብዬ አሁን አልጽፍም። በኦሮሚያም የሚፈሩ መንገዶች አሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም መነኮሳት ተገድለዋል፤ ተሳፋሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው የታገቱበት ጊዜም ነበር። ይህን ደብቆ ስለ ተራራ ውበት መጻፍ ነውር ነው። ነገር ግን ክርክሩ ስለ መኪና ከሆነ፣ የተዘጋ መንገድ ለቪኤይትም ዝግ ነው። እንዲያውም የዛሬ ጠዋት መንገድ ክፍት ይሁን አይሁን ቀድሞ የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለሰው ሾፌር ነው። መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ካልተጫነ ምክንያት አለው፤ ባለአውቶሞቢሉ ግን ይህን የሚያውቀው ኬላው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የወንጪም ሆነ የዝቋላ መንገድ፣ የትም ቢሆን፣ ሳይጠየቅ አይኬድበትም። የሚጠየቀው ደግሞ መናኸሪያ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በታች ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ ሐፍረት። «በምን መጣችሁ?» ሲባል «በቅጥቅጥ» ማለት ይከብዳል። ተራራ መውጣት በከተማችን የመዝናኛ ምልክት፣ የኑሮ ደረጃ ማሳያ ሆኗል፤ ሰማያዊ ጃኬት፣ ዱላ፣ የኋላ በሩ የተከፈተ ላንድክሩዘር። ይህ ሥዕል ከዚያው ተራራ ላይ ከሚኖረው ሰው ጋር ምንም የለውም። ገንዘቡም እዚያው አይቀርም። በመኪና የሚመጣው ቡድን ምሳውን ከአዲስ አበባ አስጭኖ፣ ውኃውን በካርቶን ይዞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩን ጥሎ ይሄዳል። ተሳፋሪው አምቦ አልጋ ይይዛል፣ ዲንሾ ሽሮ ይበላል፣ ባጃጅ ይከራያል፣ መሪ ይቀጥራል። የተራራ ቱሪዝም ለገበሬው ይጠቅማል ብለን የምንምል ከሆነ፣ የሚጠቅመው እንግዳ የትኛው እንደሆነ እናውቀዋለን።

መንግሥትና ከተማ አስተዳደሩም ከዚህ እምነት ነጻ አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ሲጸዱ ደስ ብሎን በብስክሌትና በእግር ወጣን። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ አምሮ የተሠራ ነው፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያም አለው። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከአራት ኪሎ እስከ መናፈሻዎቹ በር በቋሚ ሰዓት የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ፤ በየብሔራዊ ፓርኩ በር «የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ያልፋል» የሚል ሰሌዳ፤ ከአስፋልቱ እስከ በሩ በማኅበር የሚሠሩ ባጃጆች በታወቀ ታሪፍ። አንድ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ከማንጠፍ ይህ ሁሉ ይረክሳል።

ለጉዞ አዘጋጆችም አንድ ሐሳብ አለኝ። መሰብሰቢያችሁን ከሆቴል በር ወደ መናኸሪያ አዙሩት። ወንጪን ለመጀመር ዓርብ ከሥራ መልስ አስኮ መናኸሪያ መገናኘት፣ መንገዱን መጠየቅ፣ አምቦ ማደር፣ ቅዳሜ በማለዳ ወደ ወንጪ መውጣት፤ ከዚያ በወሊሶ በኩል መመለስ። ወሊሶ ላይ ከ10 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የአዲስ አበባ መኪና ላይ ወንበር ማግኘት ይከብዳል፣ ረዳቱም ትርፍ ሊጭናችሁ ይፈልጋል።